እምቢታው ለአንድ ነገር
በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የቢቸናና የሞጣ ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር እምቢ ሲል ዋና ጭንቀቱ አንድ ነበር፦ ርስቱ። ግብሩ የመሬት ልኬት ያመጣል፣ ልኬቱም ርስት ያስነጥቃል ብሎ ሰጋ። ዙፋን ይገልበጥ አላለም፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበት አሉ፣ እኔ ግን ጉልበቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ጦር ዘመተበት፣ ከአየርም ተደበደበ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የዛሬው ሹም ግን ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር እንደዚያ ገበሬ አንዱን ከመያዝ ይልቅ በአንድ ዕቅድ ሃያ «ቅድሚያ» ይደረድራል (ሁሉም ቀዳሚ ከሆነ ተከታዩ የቱ ነው?)፤ ለአለቃው «ይኼኛው ይቆየን» ማለት ሞት ይመስለዋል። ሰኔ ሲደርስ ሪፖርቱ ይወፍራል፣ የቀበሌው የውኃ ጉድጓድ ገና አልተቆፈረም።