የአየር ሞገድ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም

እህል በረንዳ ያለ ነጋዴ ጤፉን በመጋዘን ይዞ ክረምቱን ቢጠብቅ ሥራውን ያውቃል ይባላል እንጂ አይወቀስም። ዛሬ ያልሸጠው ኩንታል ነገም ኩንታል ነው። ዋጋ ሲወደድለት የመጋዘን ኪራዩንና የአይጥን ድርሻ ቀንሶ ትርፉን ይቆጥራል። ሆቴል ያለው ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ዛሬ ሳይከራይ ያደረ አልጋ ነገ ሁለት አልጋ ሆኖ አይጠብቀውም፤ የዛሬው ሌሊት ሂሳብ ቀለጠ ማለት ነው።

ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ሞባይል የሚጓዙበት የአየር ሞገድ እንደ ጤፍ ነው ወይስ እንደ ሆቴል አልጋ? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ከሰሃራ በታች ያሉ መንግሥታት ላለፉት 25 ዓመታት በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ያገኙትም ያጡትም በዚሁ ጥያቄ መልስ ነው። ብዙዎቹ ሞገዱን እንደ ጤፍ ቆጥረው ዋጋው እስኪወደድ ያዙት። ሞገድ ግን አልጋ ነው። ቢጠቀሙበት አያልቅም፤ ባይጠቀሙበት አይጠራቀምም። ሥራ ፈትቶ ያለፈ ዓመት ተመልሶ አይሸጥም።

ሞገድ ዋጋ ያወጣው ሁለት ጣቢያ በአንድ ቦታና በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከተናገሩ አንዱም ስለማይሰማ ነው። ስለዚህ አንድ ዳኛ ለእያንዳንዱ የራሱን መስመር ማካፈል አለበት። ለረጅም ዘመን ክፍፍሉ የሚካሄደው በማመልከቻና በባለሥልጣን ፊርማ ነበር። ሮናልድ ኮዝ የተባለው ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 ሞገድ እንደ መሬት ሁሉ በገበያ ዋጋ ይሸጥ ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው አልተቀበለውም ነበር። አሜሪካ የሞገድ ጨረታ የጀመረችው ከ35 ዓመት በኋላ በ1994 ነው።

ሞገድ ሁሉ ደግሞ እኩል አይደለም። በ700 እና በ800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይጓዛል፤ ግድግዳም ያልፋል። በ2600 ሜጋኸርዝ ያለው ብዙ መረጃ ይሸከማል፤ ነገር ግን ቶሎ ይደክመዋል። ትርጉሙ ለገጠር ግልጽ ነው። አንድን ወረዳ በዝቅተኛ ሞገድ ለመሸፈን ጥቂት ማማ ሲበቃ፣ በከፍተኛው ለመሸፈን ብዙ ማማ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ማማ ናፍጣ፣ ጄኔሬተርና ዘበኛ ይፈልጋል። ስለዚህ ዝቅተኛው ሞገድ ሥራ ሲፈታ ተጎጂው ከተማ ውስጥ ያለ ደንበኛ ሳይሆን ኔትዎርክ ፍለጋ ጉብታ የሚወጣው ገበሬ ነው።

ዋጋውን ማን ተመነው?

የአፍሪካ የሞገድ ገበያ ታሪክ ሲነሳ ናይጄሪያን መዝለል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 የናይጄሪያ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሞባይል ፈቃዶችን ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር የሚሠራው የስልክ መስመር ከግማሽ ሚሊዮን አይበልጥም ነበር። ጨረታው ከ100 ሚሊዮን ዶላር ተነስቶ በተጫራቾች ፉክክር በፈቃድ 285 ሚሊዮን ደረሰ። ካሸነፉት አንዱ በቀኑ መክፈል ሲያቅተው ማስያዣው 20 ሚሊዮን ዶላር ተወረሰ። ሕጉ ቀድሞ የተነገረ፣ ሁሉም በእኩል የሚገዛበት ስለነበር የሚያከራክር ነገር ብዙም አልነበረም። ዛሬ በናይጄሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ የሞባይል መስመር ይሠራል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። 285 ሚሊዮን ዶላር ርካሽ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ዋጋ የቆረጠው ገዢው ራሱ ነው። ይኸው ኮሚሽን በዲሴምበር 2021 ሁለት የ5ጂ ፈቃዶችን በ197.4 ሚሊዮን መነሻ ሲያቀርብ ሦስት ኩባንያዎች ለ11 ዙር ተፎካክረው ዋጋውን 273.6 ሚሊዮን አደረሱት። መነሻው ዝቅ ያለ በመሆኑ መንግሥት አልከሰረም።

በአንፃሩ ጋና በ2015 መጨረሻ በ800 ሜጋኸርዝ ላይ ሁለት እጣ አዘጋጅታ ለእያንዳንዱ 67.5 ሚሊዮን ዶላር መነሻ ቆረጠች። የተሸጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ገዢውም ኤም.ቲ.ኤን ነበር። ከሁለተኛው እጣ ግማሹ በ30 ሚሊዮን ዶላር ለቮዳፎን የተሸጠው በ2018 መጨረሻ ነው። እንግዲህ ሂሳቡን መሥራት ቀላል ነው። 67.5 ሚሊዮን ዶላር በዓመት 10 በመቶ ወለድ ቢታሰብለት በየዓመቱ 6.75 ሚሊዮን፣ በሦስት ዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ይህ የግምጃ ቤቱ ኪሳራ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሞገድ አጥተው የቆዩበት፣ ደንበኛው አማራጭ ያጣበት ሦስት ዓመት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ሴኔጋልም በዚያው ሰሞን ለ4ጂ 30 ቢሊዮን የሴፋ ፍራንክ መነሻ ስትጠይቅ በአገሪቱ የነበሩት ሦስቱም ኦፕሬተሮች ተስማምተው ከጨረታው ቀሩ። በኋላ ሶናቴል ለብቻው ተደራድሮ ገባ። ጨረታ የሚጠራው ተወዳዳሪ ለማብዛት ነው፤ እዚህ ግን መጨረሻው ከትልቁ ኩባንያ ጋር ለብቻ መደራደር ሆነ።

እንግዲህ ነገሩ «ውድ» ወይም «ርካሽ» በሚል አይቋጭም። ዋጋውን የተመነው ማን ነው? ገበያው ሲተምነው ናይጄሪያ ይሆናል። የበጀት ጉድለት ያለበት የገንዘብ ሚኒስቴር ቁጭ ብሎ ሲተምነው ግን ሞገዱ ሳይሸጥ ያድራል።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ከዋጋ ሌላ የሞገድ ጠላት መዘግየት ነው። ለዚህ ከደቡብ አፍሪካ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። በአህጉሩ ትልልቅ የሚባሉት ኩባንያዎች መቀመጫ የሆነችው አገር ከ2000ዎቹ አጋማሽ እስከ 2022 ድረስ ለሞባይል አዲስ ዋና ሞገድ በቋሚነት አልሰጠችም። በ2016 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኢካሳ ጨረታ ሲያወጣ የራሱ መንግሥት ሚኒስትር ፍርድ ቤት ሄዶ አሳገደው። ሚኒስቴሩ ሞገዱ ለአንድ የጋራ የጅምላ ኔትዎርክ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ነበረው። በኋላም ኩባንያዎች በተራቸው ከሰሱ።

በዚህ መሐል ሕዝቡ የኢንተርኔት ዋጋ ይቀነስ ብሎ ዘመቻ ከፈተ። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽንም በዲሴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ዋጋቸውን ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲቀንሱ ጠየቀ። ኩባንያዎቹ ደግሞ ሞገድ ስጡንና እንቀንስ ይሉ ነበር። ኮሮና ሲመጣና ሰው ሁሉ ቤቱ ሲዘጋበት፣ በኤፕሪል 2020 ለዓመታት «የለም» የተባለው ሞገድ በሳምንታት ውስጥ በጊዜያዊነት ታደለ። ሲጀመርም የቸገረው ሞገዱ አልነበረም፤ ውሳኔው ነበር። በማርች 2022 ጨረታው በመጨረሻ ሲካሄድ 14.4 ቢሊዮን ራንድ ገባ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ተመሳሳዩ ጣጣ በቴሌቪዥን በኩልም አለ። አሮጌው የአናሎግ ስርጭት ሰፊውን ዝቅተኛ ሞገድ ይዞ ነው የኖረው። ወደ ዲጂታል ሲለወጥ አንድ ጣቢያ በያዘው ቦታ ብዙ ጣቢያ ስለሚገባ የተረፈው ለሞባይል ይሆናል። አፍሪካና አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተፈራረሙት ስምምነት ለዚህ ለውጥ ጁን 17 ቀን 2015ን የጊዜ ገደብ አድርጎ ነበር። በ2012ቱ የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ደግሞ 700 ሜጋኸርዝ ጭምር ለሞባይል ይሰጥ ብለው የተከራከሩት የአፍሪካና የአረብ አገሮች ናቸው። ጄኔቫ ላይ ቀድመው የጠየቁ ብዙዎቹ አገራቸው ሲገቡ ግን ቀነ ገደቡን አለፉት። ታንዛኒያ በ2012 መጨረሻ ከዳሬሰላም ጀምራ አናሎግን ስታጠፋ፣ በኬንያ በፌብሩዋሪ 2015 አራት የግል ቻናሎች ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ለሦስት ሳምንት ገደማ ከአየር ጠፍተው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደግሞ በማርች 2025 እንኳ ፍርድ ቤት የማጥፊያውን ቀን አግዷል። መክፈቻ ሣጥን መግዛት የማይችል ድሃ ቤተሰብ ቴሌቪዥኑ ይጨልምበታል የሚለው ክርክር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከተለቀቀው ሞገድ ሽያጭ ላይ ለሣጥኑ ድጎማ መመደብ ይቻላል።

ሞገዱን በሙሉ ለአንድ የጅምላ ኩባንያ ሰጥቶ ከክርክሩ መገላገልስ? ሩዋንዳ ሞክራዋለች። በ2013 ከኮርያ ቴሌኮም ጋር ተዋውላ የ4ጂውን ሥራ በብቸኝነት ለጋራ ኩባንያ ሰጠች። ሽፋኑ ከ90 በመቶ በላይ ሕዝብ ደረሰ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ተጠቃሚው ግን ጥቂት ሆኖ ቀረ። በኋላ መንግሥት ፖሊሲውን ለውጦ በሩን ከፈተና ኤም.ቲ.ኤን በ2023 የራሱን 4ጂ ጀመረ። ማማ መትከል አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛ ለማግኘት መሽቀዳደም ሌላ ነው።

ርካሽ ሽያጭ ስርቆት አይሆንም ወይ?

ተቃራኒው ወገን የሚለው ቀላል አይደለም። ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ዋጋው ዝቅ ካለ የጥቂት ባለሀብቶች መጫወቻ ይሆናል ይላሉ። ማስረጃም አያጡም። ኒውዚላንድ በ1990 አሸናፊው የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ ይክፈል የሚል ሕግ አውጥታ 100 ሺህ የአገሩ ዶላር ያቀረበ አንድ ድርጅት 6 ዶላር ከፍሎ ወጥቷል። አንድ ተማሪም 1 ዶላር አቅርቦ የአንዲት ከተማ የቴሌቪዥን ፈቃድ በነፃ ወስዷል። ተወዳዳሪ በሌለበት መነሻ ዋጋ አለመኖሩ ያስቀልዳል።

ሌላው ክርክር ደግሞ ችግሩ ሞገድ አይደለም የሚል ነው። የሞባይል ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ጂ.ኤስ.ኤም.ኤ እንዳለው በ2023 ከሰሃራ በታች በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀመው 27 በመቶ ብቻ ነው። ኔትዎርክ የማይደርሰው 13 በመቶ ሲሆን፣ 60 በመቶው ኔትዎርክ እያለው የማይጠቀም ነው። የቀፎ ዋጋ፣ የትምህርት ማነስና የታሪፉ ውድነት ከሞገድ እጥረት የበለጠ ሰው ያስቀራሉ። እውነት ነው። ይሁንና ታሪፉን ከሚያስወድዱት አንዱ ራሱ የሞገዱ ዋጋና እጥረት ነው። በአንድ ማማ ላይ ጠባብ ሞገድ ያለው ኩባንያ ተጨማሪ ማማ መትከል ይገደዳል፤ ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ካርድ የሚሞላው ደንበኛ ነው።

መፍትሔው በነፃ ማደልም፣ ደብቆ ማስቀመጥም አይደለም። መነሻ ዋጋ ይኑር፣ ግን ቀልደኛን የሚያስቀር እንጂ ገዢን የሚያባርር አይሁን። ክፍያው በየዓመቱ ይከፋፈል። የገጠር ሽፋን ግዴታ ከዋጋው ጋር በአንድ ውል ይጻፍ። በተወሰነ ዓመት ያልተሠራበት ሞገድ ይመለስ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የያዙትም ጭምር። የማን እጅ ላይ ምን እንዳለ በይፋ ይመዝገብ። የማይታወቅ ንብረት ለሙስና እንጂ ለገበያ አይመችም።

ይህ ሁሉ ኢትዮጵያንም ይመለከታል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ሁለት አዳዲስ ፈቃዶች ለጨረታ ቀረቡ። በሳፋሪኮም የሚመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ አንዱን ወሰደ። ለሁለተኛው ኤም.ቲ.ኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር አነስተኛ ነው ተብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ለአዲስ ገቢ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት አልተፈቀደም ነበር። ማማ አከራይ ነፃ ኩባንያም እንዲገባ አልተጋበዘም። እንግዲህ ገዢው ዋጋ የሰጠው ለተሸጠለት ዕቃ ነው። ውሉ ሲሻሻል ዋጋውም እንደሚጨምር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ለኤምፔሳ ፈቃድ 150 ሚሊዮን ዶላር ጨምሮ ከፍሏል።

600 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመት ሲካፈል በዓመት 40 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለተኛው ፈቃድ ሳይሸጥ ያደረበት እያንዳንዱ ዓመት ከዚህ ሂሳብ ላይ ይቀነሳል፤ ያላደገው የግብር ገቢና ያልተከፈተው የሥራ ቦታ ሳይቆጠር። ባለሥልጣኑ ያቀረበው ምክንያት የአገርን ጥቅም ማስጠበቅ ነበር፤ ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መንግሥት የትልቁ ኩባንያ ዋና ባለቤትም፣ የሞገዱ አከፋፋይም፣ የጨረታው ዳኛም ሲሆን «ዋጋው ያንሳል» የሚለው ውሳኔ ለማን እንደጠቀመ መጠየቅ ነውር አይደለም። ለዚህ ነው የተቆጣጣሪው ነፃነት ከዋጋው የማይተናነስ ጉዳይ የሚሆነው።

ጤፍ ነጋዴው ክረምቱን ቢጠብቅ ያዋጣዋል። ሞገድ የያዘ መንግሥት ግን የሚጠብቀው ክረምት የለም። እያንዳንዱ ሌሊት አልጋው ባዶ ያድራል፤ ጠዋት ሲነጋም ገበሬው አሁንም ጉብታው ላይ ቆሞ ቀፎውን ወደ ሰማይ ያነሳል።