በሰው ታንኳ ወደ ጠፈር

በሐይቅ ባሕር ዳር፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ትይዩ ቆሞ ታንኳ የሚጠብቅ መንገደኛ ጓዙ አንዲት አገልግል ብቻ ከሆነች፣ የሚሻገረው ባለ ብዙ ጭነቱ ደንበኛ በቆረጠው ሰዓትና ወደ መረጠው ዳርቻ ነው፤ ይህንንም የቀዛፊው ክፋት ነው የሚል የለም። ኢትዮጵያም ወደ ጠፈር የወጣችው በዚሁ ሥርዓት ነው። ተሳፋሪነታችን የሚያሳፍረን አይመስለኝም፤ የሚያሳስበኝ ውሉ ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ስትወነጨፍ፣ የጉዞው ዋና ባለጉዳይ 1,730 ኪሎ የሚመዝነው የቻይናና የብራዚል ሳተላይት ሲበርስ-4ኤ ነበር፤ ባለ 3 ደረጃው ሮኬት ወደ 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያቀናውም ስለ እርሱ ነው። ደግነቱ ያም ምድርን የሚመለከት ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱን ስፍራ ሁልጊዜ በአንድ የፀሐይ ሰዓት የሚያልፈው ምሕዋሩ ለእኛም ተስማማ፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲወድቅ የዘንድሮውን ዳርቻ ከአምናው ማስተያየት ይቀላልና። ከእንጦጦ ትታዘዝ የነበረችው ሳተላይታችን 13.7 ሜትር በ13.7 ሜትር የሆነን መሬት እንደ አንዲት ነጥብ ታይ ነበር፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የሐይቅ ባሕር በዚህ ስሌት 120,000 ያህል ነጥብ ሲሆን፣ ታንኳይቱ በአንዲቱ ነጥብ ውስጥ ትሰወር ነበር፣ የዳርቻው ቄጤማ መስፋትና መጥበብ ግን ይለይ ነበር።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ 8.9 ኪሎ የምትመዝን ሁለተኛ ሳተላይት ከዌንቻንግ በሎንግ ማርች 8 ወጣች። ይህ መካከለኛ ሮኬት ወደ እንዲህ ያለው ምሕዋር 4.5 ቶን ያህል እንዲያወጣ የተሠራ ሲሆን፣ በረራው ግን የመጀመሪያው ነበር፤ ሕፃንን ባልተገራ በቅሎ እንደ ማስቀመጥ ነው። በደኅና ደረሰች፤ ባትደርስስ?

የራሳችን ሮኬት ይኑረን የሚሉ ወገኖችን ምኞት አልነቅፍም፤ ነገር ግን 70 ኪሎ ለማውጣት ወደ 250 ቶን የሚመዝን፣ አብዛኛው ክብደቱ መርዛም ነዳጅ የሆነ ሮኬት መሥራት ለአንዲት አገልግል መርከብ ማነጽ ነው። እንግዲህ የሚቀረን ውሉን ማጥራት ነው። ከሐይቅ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው በአምባሰል ምድር ውጫሌን ያልፋል፤ በስሟ የሚጠራው የሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውል፣ 17ኛው አንቀጹ የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መነጋገር ቢሹ እንዲችሉ በአማርኛው ሲፈቅድ፣ በጣልያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩም ዓድዋ ደረሰ። በማስወንጨፍ ውልም እንዲሁ ግሡን ማየት ያሻል፦ ዋናው ባለጉዳይ ቢዘገይ ተሳፋሪው ይጠብቃል ወይስ ወደ ሌላ ሮኬት መዛወር ይችላል? ሳተላይቲቱ በእሳት ብትጠፋ የሚተካ ማን ነው? ሻጩ ዛሬ አንድ ስላልሆነ መጠየቅ አያስነውርም፤ የህንዱ ሮኬት ፒኤስኤልቪ የካቲት 8 ቀን 2009 ዓ.ም. በአንድ በረራ 104 ሳተላይቶች ሲያወጣ፣ ሮኬት የሞላት አሜሪካ ሳትቀር 96 አሳፍራበታለች።