ካክተስ ሁሉ የበረሃ አይደለም

ይህን አስተያየት እንድጽፍ ያነሳሳኝ በራሴ ምክር የደረቀ አንድ ተክል ነው።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ለእናቴ ግንዱ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ተክል በጣሳ ሰጧት። እኔም የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ ብዬ «እማዬ፣ ይሄ ካክተስ ነው፤ ውሃ አታብዢበት፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይምታው» አልኳት። ተክሉ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ተጨማደደ፣ በመጨረሻ ደረቀ። ጎረቤታችን ሲያዩት «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጥላ ነው የሚወደው፤ ማነው ፀሐይ ላይ አውጡት ያላችሁ?» አሉ። እናቴ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ዝም አለች።

ስሙን አልተሳሳትኩም፤ ካክተስ ነበር። የተሳሳትኩት «ካክተስ የበረሃ ተክል ነው» የምትለውን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ በመቅረቴ ነው። ያ ተክል ሽለምበርጌራ ይባላል። የትውልድ አገሩ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ያለው እርጥብ ደን ሲሆን፣ የሚያድገውም በዛፍ ቅርንጫፍና በድንጋይ ስንጥቅ ላይ ነው። ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ከዛፉ ምግብ አይቀማም።

ነገሩ የብራዚል ብቻ አይደለም። በአገራችን በብዛት የምናየው በለስ ካክተስ ቢሆንም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው። ቁልቋል ደግሞ የዩፎርቢያ ወገን እንጂ ጭራሽ ካክተስ አይደለም። ሰው ሳያመጣው ከአሜሪካ ውጪ በዱር የሚገኘው ካክተስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሪፕሳሊስ ባክሲፌራ ይባላል። ይህ ተክል በአፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በስሪላንካ ይበቅላል፤ በኢትዮጵያም ይገኛል። ግንዱ እንደ ገመድ ቀጭን ነው፤ ከዛፍ ላይ ወደ ታች ይንዠረገጋል፤ ትንንሽ ነጭ ፍሬም ያፈራል። ታዲያ የአገራችን ብቸኛ የዱር ካክተስ የጫካ ተክል ሆኖ ሳለ፣ እኛ ካክተስን የምናውቀው በበረሃ ሥዕል ብቻ መሆኑ አያሳዝንም?

በቤታችን ያለውን ለመለየት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛው አሪዮል ነው፤ እሾህ፣ ፀጉር ወይም አበባ የሚወጣበት ትንሽ ነጥብ ማለት ነው። በጫካ ካክተስ ላይ እሾህ ባይኖርም ነጥቡ በግንዱ ጠርዝ ወይም ጫፍ ላይ ይታያል። ሁለተኛው ወተት ነው። የዩፎርቢያ ወገኖች ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ይህ ወተት ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልጆች ባሉበት ቤት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ወተት ሊፈትሹ ብሎ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አሪዮሉን መፈለግ ይሻላል።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ብርሃን ያለው ግን የቀትር ፀሐይ የማያገኘው መስኮት ይስማማዋል። አፈሩ ውሃ የማይቋጥር ይሁን፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የከሰል ስብርባሪና ጠጠር ቢቀላቀሉ ጥሩ ነው። የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል ይጠጣል፤ ውሃ ከሥሩ ከተኛ ግን ይበሰብሳል። ለማራባት ሁለት ሦስት ቁራጭ ወስዶ አንድ ሁለት ቀን ቁስሉን ማድረቅና መትከል ነው። ሽለምበርጌራ እምቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ሲረዝምና ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ መብራት ከማይበራበት ክፍል ቢቀመጥ ይመረጣል።

ሪፕሳሊስን ግን «አገር በቀል ነው» ብሎ ከጫካ መንቀል አይገባም። ደኑ በቂ ጫና አለበት። ቤቱ ካለው ሰው ቁራጭ መለመን ይበቃል።

ሐሳቤ አጭር ነው። በትምህርት ክፍላችን መስኮት ላይ በለስ፣ ትንሽ ቁልቋልና የጫካ ካክተስ ጎን ለጎን በጣሳ ይቀመጡ፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ መላመድ ሲማሩ በዓይናቸው ይዩ። ወጪው ሦስት ጣሳ ነው።

ጎረቤታችን ሌላ ቁራጭ ሰጥተውናል። እናቴ ተክላዋለች፤ አሁን ጥላ ባለበት መስኮት ላይ ነው። እኔ ግን ያለ ጎረቤታችን ፈቃድ ውሃ እንዳላጠጣው ተከልክያለሁ።