አልማዝ ባለጭራ እና የእኛ ሹክሹክታ

አምና አንዲት ጎረቤታችን ጎኗ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣባት። አንዱ «ነፍሳት ሸንቶብሽ ነው» አላት፤ ሌላዋ ቅጠል ጨምቃ ቀባቻት። ሐኪም ዘንድ የሄደችው በሰባተኛው ቀን ነው። ሽፍታው ደረቀ፣ የሚያቃጥለው ሕመም ግን እስከ ዛሬ አለቀቃትም። ለምን እንደዘገየች ስጠይቃት «ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አለችኝ።

ወገን፣ ጉዳቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። አልማዝ ባለጭራ ሲባል ሁላችንም መንሾካሾክ እንጀምራለን። በሽታውን የሚያመጣው ጉድፍ (ቺክን ፖክስ) ያስያዘን ያው ቫይረስ ነው። ነርቭ ሥር ተደብቆ ለዓመታት ይቆይና የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳል። የነርቭ መስመር ስለሚከተል ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ይወጣል።

መከላከያን የሚያዳክመው ደግሞ ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። እርጅና፣ ካንሰርና ሕክምናው፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚውጠው መድኃኒትም ያዳክማሉ። ስለዚህ «የወጣበት ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት» ማለት ሐሰት ነው። «ምንም አይደል፣ ቅጠል ይበቃዋል» ማለትም ያው ጥፋት ነው። በተለይ ወጣት ላይ ሲወጣ፣ ሲመላለስ ወይም መላ ሰውነት ላይ ሲበተን መመርመር ያስፈልጋል። አዋቂ ሰው ፊት ላይ የሚበዙ፣ መሃላቸው ጎድጎድ ያሉ ትንንሽ እባጮች፣ ከወር በላይ የማይድን የብልት ሄርፒስ ቁስልም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዴ ቆዳ ከሁሉ ቀድሞ ይናገራል።

ጊዜም ወሳኝ ነው። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል ለነገ አይባልም። መከላከያው የደከመ ሰው ደግሞ 72 ሰዓት ቢያልፈውም «አለፈኝ» ብሎ አይቅር።

ውጤቱን ለምትፈሩ፦ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በወጉ የሚወስድ ሰው ይሠራል፣ ይወልዳል፣ ልጅ ያሳድጋል። አርፍዶ ማወቅ ግን ያስከፍላል።

እኛስ? ጎረቤታችን ሽፍታ ሲወጣባት «ከየት አመጣችው?» ማለቱን ትተን «ተነሺ፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንሂድ» እንበላት።