መጀመሪያ «የት?»

ዛሬ የራሴን ጥፋት ላጫውታችሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በአዊ ዞን በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የስልክና የሬዲዮ ተለማማጅ ሳለሁ ነው። አንድ ሌሊት ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት እያንሾካሾከች «በሩን ሊሰብረው ነው፣ ድረሱልኝ!» አለች። እኔ ደግሞ መዝገቡን ገልጬ «ስምሽ ማን ነው? የአባትሽስ?» ስል መስመሩ ተቋረጠ። መኪናውም ተረኞቹም ዝግጁ ነበሩ፤ ግን ወዴት ይሂዱ?

በነጋታው ራሷን በነጠላ ያሰረች ሴት መጣች። ድምጿን ስሰማ አወቅኋት። «እኅቴ፣ ስሜን ከምትጠይቂኝ ሰፈሬን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳጅኑ ግን በኋላ ጠርቶ «ልጄ፣ ቦታውን ካወቅን መስመሩ ቢቋረጥም እንደርሳለን» አለኝ።

እናንተም ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስትደውሉ ቦታውን አስቀድሙ። «ዳንግላ ነኝ» ወይም «እንጅባራ፣ ኮሶበር ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ቀበሌውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወፍጮ ቤቱን ጥሩ። ስም በኋላ ይደርሳል።

ቸር ይግጠመን።