ከእንሰቱ በፊት የችግኝ መደቡ ይቅደም

በቱላና በአካባቢው እንሰት ያለው አርሶ አደር ሁሉ አጠውልግን ያውቀዋል። በሽታው በአገራችን በሳይንስ ተመርምሮ ከተገለጸበት እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ተረጭቶ የሚፈውሰው ኬሚካል እስካሁን የለም። ስለዚህ ተክልን ከበሽታ የሚጠብቁ የአፈር ባክቴሪያዎች አሉ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ጓሮው እንሰት ቢሄድ አያስገርምም። በእኔ አስተያየት ግን ሥራው ከዚያ መጀመር የለበትም።

ባሲለስና ሱዶሞናስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች መካከል ጠቃሚዎቹ የሚሰፍሩት በሥር ዙሪያ ነው። ጎጂውን ተሕዋስ ምግብና ቦታ ይሻሙታል፣ የሚገታውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ፣ ተክሉም ራሱን እንዲከላከል ያነቃቃሉ። አጠውልግ ደግሞ በአብዛኛው የሚዛመተው በቢላ ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላ ሳይጸዳ ጤነኛውን ሲነካ በሽታው በተከፈተው ቁስል ይገባል። ሥር ላይ የቆመ ዘበኛ ይህን በር መጠበቅ ይከብደዋል። እዚህ ላይ ዛሬም የሚያዋጣው ቢላን በእሳት ማጋል፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ እንስሳትን ከጓሮ ማራቅና እንደ ማዝያ ያሉ በሽታውን የተሻለ የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መሞከር ነው። ባክቴሪያ መጣልን ብሎ ቢላውን የሚረሳ ሰው ጓሮውን ያጣል።

የቲማቲምና የበርበሬ ነገር ግን ይለያል። ችግኛቸውን መደብ ላይ የሚያበሰብሰውና ኋላም የሚያጠወልጋቸው ተሕዋስ በብዛት ከአፈር ተነስቶ በሥር ወይም በግንዱ ግርጌ የሚገባ ነው። መደቡም ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ዱቄት ይበቃዋል፤ ሙከራው ባይሳካ እንኳ ኪሳራው ቀላል ነው።

ለቦሎቄ የሚታደለውን የባክቴሪያ ማዳበሪያ የተጠቀሙ አርሶ አደሮች አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ዘሩ የሚታሸው በጥላ ሥር ነው፣ ወዲያውም ይዘራል። ያኛው ባክቴሪያ ናይትሮጅን ለማስገኘት እንጂ በሽታ ለመከላከል ስላልሆነ ሁለቱ መምታታት የለባቸውም። አያያዙ ግን ይመሳሰላል፣ ሁለቱም ሕይወት አላቸውና። ባሲለስ ሙቀትና ድርቀት የሚችል ጠንካራ ዘረ ብናኝ ስላለው መጋዘን ውስጥ ይሰነብታል፤ ሱዶሞናስ ቶሎ ይሞታል። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው መጋዘን የሰነበተ ከረጢት ለአርሶ አደሩ ከተራ ዱቄት አይሻልም። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የመጠቀሚያ ጊዜውና የአቀማመጥ መመሪያው ያልተጻፈበትን ምርት ባይረከቡ ይመረጣል።

ሌላው የሪፖርት ነገር ነው። ስንት ኪሎ ተሠራጨ የሚለው ቁጥር ስለ በሽታው ምንም አይነግረንም። በየቀበሌው ፈቃደኛ ከሆነ አርሶ አደር ጋር ሁለት መደብ ይዘጋጅ፤ አፈሩም ዘሩም ውኃውም አንድ ይሁን፣ ባክቴሪያው ግን አንዱን ብቻ ያግኘው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ቅርብ ስለሆነ ባለሙያ መጋበዝ ሩቅ መንገድ አይደለም። ችግኙ ወደ ማሳ በሚዛወርበት ቀን የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና አርሶ አደሩ አብረው የቆመውንና የወደቀውን ይቁጠሩ፤ ወደ ወረዳም ይሁን ወደ ክፍለ ከተማ የሚላከው ቁጥር ይኸው ይሁን።