ከ30 ዓመት በኋላስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና ምእመናን፣ በቃለ ዓዋዲው መሠረት የሰንበት ትምህርት ቤት አባልነት ከ4 ዓመት እስከ 30 ዓመት ነው። ሕፃናትን የሚያስተምረው፣ መዝሙር የሚያስጠናው፣ ገንዘብ የሚይዘው ወጣት አንድ ቀን 30 ዓመት ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዱ በትዳርና በሥራ አሳብቦ ጨርሶ ይርቃል፤ ሌላው ደግሞ ወንበሩን ሳይለቅ ለዓመታት ይቀመጣል። ሁለቱም ሰንበት ትምህርት ቤቱን ይጎዳሉ፤ የመጀመሪያው ልምዱን ይዞ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ተተኪ እንዳይወጣ ይዘጋል።

30 ዓመት የአገልግሎት መጨረሻ እንዳልሆነ ጌታችን ራሱ አሳይቶናል፤ በዮርዳኖስ ተጠምቆ ማስተማር የጀመረው በዚሁ ዕድሜ ነውና። በብሉይ ኪዳንም ሌዋውያን 50 ዓመት ሲሞላቸው ከከባዱ ሥራ ያርፉ ነበር፤ ነገር ግን ወንድሞቻቸውን በድንኳኑ እየረዱ እንዲቆዩ ታዝዟል (ዘኁ. 8፥25-26)። ሥራው ተለወጠ እንጂ አገልግሎቱ አልተቋረጠም።

እንግዲህ የጎልማሳው ድርሻ ምንድን ነው? የካህኑን የዔሊንና የብላቴናውን የሳሙኤልን ታሪክ አስታውሱ። ዔሊ በልጆቹ ነገር የተወቀሰ አባት ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን መልካም ሥራ ሠራ። ጥሪው የመጣው ለብላቴናው መሆኑን ሲያስተውል በእርሱ ፈንታ ልስማ አላለም፤ እንዴት እንደሚመልስ አስተምሮ ወደ መኝታው መለሰው። የጎልማሳ አገልግሎት ልኩ ይህ ነው።

ክፍለ ከተማችንም የሕፃኑን ሰማዕት የቅዱስ ቂርቆስን ስም ይዟል። ቅድስት ኢየሉጣ በእሳቱ ፊት በፈራች ጊዜ ያጸናት የ3 ዓመት ልጇ ነበር። ስለዚህ ልጆችን ለማገልገል የሚመጣ ጎልማሳ የሚሰጥ ብቻ አይደለም፤ የሚቀበልም ነው።

በኦሎምፒያና በካዛንቺስ ዙሪያ ካለን ምእመናን መካከል የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስ፣ መምህርና የሕግ ባለሙያ አይታጣም። የሒሳብ ባለሙያው ገንዘብ ያዥ ይሁን አልልም፤ ወጣቱን ገንዘብ ያዥ የመዝገብ አያያዝ ያስተምረው፣ በዓመቱ መጨረሻም ሒሳቡን ይመርምርለት። ነርሷ ለጉዞ የሚወጡትን አስተባባሪዎች የመጀመሪያ ርዳታ ታሠልጥን። ወላጆች ደግሞ በየተራ በሕፃናት ክፍል ከወጣቱ መምህር ጋር ይቀመጡ። ሕፃናት ከአንድ ሰው ጋር ብቻቸውን እንዳይሆኑ ማድረግ ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ ሕፃኑን ከጉዳት፣ መምህሩን ከሐሜት የሚጠብቅ ሥርዓት ነው።

ይህ ጉዳይ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል። በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ በተካሄደው መልሶ ማልማት ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ በእግሩ ይመጣ የነበረ ልጅ አሁን ታክሲ ይፈልጋል። ያን ልጅ ስልክ ደውሎ የሚጠይቀው፣ በአዲሱ ሰፈሩ ካለ አጥቢያ ጋር የሚያገናኘው ማን ነው? ተማሪው ወጣት ጊዜም ገንዘብም ያጥረዋል፤ ይህ የጎልማሳ ሥራ ነው።

«ጎልማሶች ከገቡ ወጣቱ ነጻነቱን ያጣል» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ድርሻው በጽሑፍ ይወሰን፤ ዘመኑ ይገደብ፤ ሰበካ ጉባኤው ይወቀው፤ በሥራ አመራሩ ውሳኔ ላይም ጎልማሳው ምክር እንጂ ድምፅ አይኑረው። ምክሩ ያልተወደደለት ጎልማሳ ተቀይሞ ካልቀረ፣ ያኔ በእውነት አገልጋይ መሆኑ ይታወቃል።

እናንተ 30 ዓመት ያለፋችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያሳደገችሁን ቤት በሩቁ አትናፍቁ፤ ገብታችሁ ምን ልርዳ በሉ። እናንተም ወጣቶች፣ ታላላቆቻችሁ እስኪመጡ አትጠብቁ፤ የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጥሩአቸው። የቤቱ ሥራ ለሁላችንም ይበቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።